«ቶለሪሩንግ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ተርጓሚው፦
ከሂትለር በፊት ስለነበረው የጀርመን ቫይማር ሪፐብሊክ የተጻፈ ምዕራፍ እየተረጎምሁ «ቶለሪሩንግ» የሚል የጀርመንኛ ቃል ላይ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1930 ምርጫ ናዚዎች ከ12 መቀመጫ ወደ 107 ዘለሉ። በ143 መቀመጫ አሁንም ትልቁ ፓርቲ የነበሩት ሶሻል ዴሞክራቶች በመራሔ መንግሥት ሃይንሪሽ ብሩኒንግ ካቢኔ ውስጥ አልገቡም፤ እንዲወድቅም አልፈለጉም። «መቻቻል» ብዬው ነበር፤ መልሼ ሳነበው የሃይማኖት አባቶች ጉባኤ መሰለኝ። በዚያው ላይ፣ የፓርቲዎቹን ኅብረት «ጥምር መንግሥት» ልበል ወይስ «ቅንጅት»?

የአራሽ ልጅ፦
ከሁለተኛው ልጀምር። «ጥምር» በል፣ አያጣላህም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ «ቅንጅት» ያልኸው ሰው ሁሉ የሚያስበው ፓርቲውን ነው። ቃሉ ግን ያሳዝነኛል። አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበረው፤ ጎረቤታችንም እንዲሁ። እርሻ ሲደርስ ይቀናጁ ነበር፦ ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ በማግስቱ የእርሱን ያርሳሉ። መቀናጆ ይህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ብዙም አይዋደዱም ነበር። አንዱ በሬ ሲለግም ግን ቀንበሩ ያዘነብላል፣ የሌላው በሬ አንገት ይላጣል፤ ጠቡ የሚጀምረውም ማን በሬውን አልቀለበም በሚለው ነው። ከብሩኒንግ በፊት መራሔ መንግሥት የነበረው የሶሻል ዴሞክራቱ የሄርማን ሙለር ጥምር ካቢኔ ለእኔ ልክ እንዲህ ነው። የሠራተኛውና የባለፋብሪካው ፓርቲ ባንድ ቀንበር! ከ1928 እስከ ማርች 1930 ሃያ አንድ ወር ቆየ፤ ለቫይማር ይህ ረጅም ዕድሜ ነው። የተበተነው የሥራ አጥ መድን መዋጮ ከ3.5 ወደ 4 በመቶ ከፍ ይበል አይበል በሚል ክርክር ነው።

ሁለት ነጥብ፦
ጋሼ፣ መቀናጆውን ወድጄዋለሁ። ለ«ቶለሪሩንግ» ግን «አይቶ እንዳላየ ማለፍ» ቢባልስ?

የአራሽ ልጅ፦
አይሆንም፤ ያየ ሰው ሥራ ነው የሠሩት። ብሩኒንግ የሚገዛው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48፣ በፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ነበር። ምክር ቤቱ ድንጋጌውን በድምፅ ብልጫ መሻር ይችላል። ሶሻል ዴሞክራቶቹ «ይሻር» የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ እየተቃወሙ ድንጋጌውን አተረፉት። ዝም ማለትም እጅ መሰብሰብም አይደለም።

ሁለት ነጥብ፦
በጁላይ 1930 ግን ራሳቸው ሽረውት ነበር እኮ።

የአራሽ ልጅ፦
ለዚህም ነዋ! ሲሽሩት ብሩኒንግ ምክር ቤቱን በሂንደንቡርግ አስበተነ፤ ምርጫ ተጠራ፤ 107ቱ የመጡት ከዚያ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ዳግመኛ ምርጫ ቢጠራስ ስንት ይሆናሉ ብለው ፈሩ። ምክር ቤቱ እየመነመነ ሄደ፦ በ1930 ሕግ 98፣ ድንጋጌ 5 ነበር፤ በ1932 ሕጉ 5፣ ድንጋጌው 66 ሆነ። ከመንግሥት አልገቡ፣ ተቃዋሚም አልሆኑ። ከሁለት ያጣ ጎመን ብትላቸው አልከራከርህም፤ እኔ ግን በእነርሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ስል መልስ አጣለሁ።

ተርጓሚው፦
«ችሎ ማቆየት» ብልስ? «መቻል» ውስጥ ሸክሙ አለ፤ «ማቆየት» ውስጥ ደግሞ ሥራው። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ «ሶሻል ዴሞክራቶቹ ካቢኔውን ሳይቀናጁት ችለው አቆዩት።»

የአራሽ ልጅ፦
በሬውን አልጠመደም፣ ሞፈሩንም አልሰበረም። ተስማምቻለሁ።

ሁለት ነጥብ፦
እኔም፤ ግን «ሳይቀናጁት» አይባልም። ሰው ከሰው ጋር ነው የሚቀናጀው። «ከካቢኔው ጋር ሳይቀናጁ ችለው አቆዩት» በለው። «አቆዩት» ካልህም እስከ መቼ እንደሆነ ጨምርበት፦ ሂንደንቡርግ ፊቱን አዙሮበት ብሩኒንግ ሜይ 30 ቀን 1932 ሥልጣን እስኪለቅ።