የደሴ ልጆች፣ ክርክር የእንግሊዝኛ አፍ ይፈታል?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ወገን። የእህቴ ልጅ ደሴ ነው፤ ውጭ ለመማር እየተዘጋጀ ነው። ሰዋስው ያውቃል፣ ጽሑፉም ጥሩ ነው። በስልክ "በእንግሊዝኛ እናውራ" ስለው ግን ዝም። አልፈርድበትም። እኔም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ እዚህ ውጭ አገር መጥቼ አከራዬ "ማሞቂያውን ያበላሸኸው አንተ ነህ" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ከፈልኩ። መልሱ የመጣልኝ ማታ አልጋ ላይ ነው። አሁን ልጁ ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ ሊጀምሩ ነው አሉ። ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን?

ኮምቦልቼው፦
አብሽር ወንድሜ፣ ይጠቅማል። ግን አያያዙን ይጠይቃል። ኮምቦልቻ እንግሊዝኛ ሳስተምር ክርክር የምንለው "ከተማ ይሻላል ገጠር?" ነበር። ሁለት ጎበዝ ልጆች የሸመደዱትን ይወጡታል፣ ይጨበጨባል፤ የቀረው ክፍል ቁጭ ብሎ ያያል። ያ ክርክር ሳይሆን የቃል ጥናት ነው።

ካርል ፖፐር የሚባለውን የክርክር ዓይነት ይሞክሩ። 3 ለ3 ነው። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ከተቃራኒው ወገን አንዱ ተነስቶ 3 ደቂቃ መስቀለኛ ጥያቄ ያወርድበታል። መድኃኒቱ ይቺ 3 ደቂቃ ናት። የሚመጣው ጥያቄ ስለማይታወቅ ሸምድዶ መምጣት አይቻልም። መስማት አለበት፤ እዚያው አስቦ እዚያው መመለስ አለበት። አንተ አከራይህ ፊት የጎደለህ እሱ ነው። የመክፈቻው ንግግር 6 ደቂቃ ነው፤ ለጀማሪ 2 ቢያደርጉት ማንም አይከሳቸውም።

ማን እንደሚደግፍ ማን እንደሚቃወም ደግሞ በዕጣ ይሁን። የሚሟገትለት ሐሳብ የራሱ ካልሆነ ልጁ ቢሳሳትም ብዙ አያፍርም። መምህሩም መሃል ገብቶ "ኢዝ ሳይሆን ዋዝ" አይበል። ስህተቱን ጽፎ ይያዝና ሲያበቃ ይንገራቸው። ለነገሩ በላ ልበልሃ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን፤ የጠፋን ልምዱ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ፦
እኔ እንኳ አልስማማም። ስለ አየር ንብረት 10 ደቂቃ የሚናገር ዘመድ አለኝ፤ እዚህ መጥቶ ለሐኪም ቀጠሮ በስልክ መያዝ አቃተው። ውጭ ለመማር የሚፈተኑት የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አይልትስም ቢሆን የንግግሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ ክርክር የሚቀርበው የመጨረሻው 4 ወይም 5 ደቂቃ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቤቱና ስለ ሰፈሩ ነው። ደግሞ ሥራ ቦታ አለቃን እንደ ፍርድ ቤት ብታፋጥጠው ወዳጅ አታፈራም።

ኮምቦልቼው፦
እውነትሽን ነው እህቴ። ችግሩ ግን ርዕሱ ላይ ነው። የአየር ንብረቱን ይተዉትና ኑሮን ያምጡት። "ማሞቂያ ከተበላሸ ተከራይ እስኪጠገን ኪራይ ያለመክፈል መብት ይኑረው" ብለው ይከራከሩ። አንድ ሕግም ይጨምሩ፦ ከመቃወሙ በፊት የሌላውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይድገም። ትሕትናውም ማዳመጡም አብሮ ይመጣል። የሐኪሙን ስልክ ግን ለብቻው ይለማመደው፤ እሱን ክርክር አይሠራለትም።

የጦሳ ልጅ፦
ለልጁ ነግሬው ሳቀብኝ። ቅዳሜ 8 ሰዓት በስልክ ልንሞክረው ነው። ዕጣ አወጣን፤ አከራይነቱ ለሱ ደረሰው። መስቀለኛ ጥያቄው የኔ ነው። ያቺ አልጋ ላይ የመጣችልኝ መልስ እስከ ዛሬ አልጠፋችኝም፤ ይዘጋጅ።