ዐፄ ቴዎድሮስን የጣላቸው ምኞታቸው ነው ወይስ ዘመናቸው?

መነሻ፦ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ካሳ ኃይሉ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። በእነዚያ አሥራ ሦስት ዓመታት ውስጣቸው ምን ሆነ? ተከራከሩበት።

ጎንደሬዋ፦ «ደግ ነበሩ፣ ክፉ ዘመን ገጠማቸው» ሲባል ደሜ ይፈላል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትዘረፍና አብያተ ክርስቲያናቷ ሲነዱ ችቦውን የያዘው ዘመኑ ነበር?

ቋረኛው፦ እህቴ፣ ቁጣሽ ይገባኛል፤ መነሻውን ግን አትዝለይው። ሲነግሡ ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ከልክለው፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሙያ ይመለስ ብለው አወጁ። ወታደር እንዳይዘርፍ ደግሞ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባር ይሁን አሉ። ካህናቱ እምቢ አሉ። አገሩም በየአቅጣጫው ሸፈተ፤ ግብር ጠፋ። ጦሩ ምን ይብላ? ዝርፊያን የከለከሉት ንጉሥ በጌምድርን እያስዘረፉ ጦር ወደ መቀለብ ወረዱ።

ጎንደሬዋ፦ ጦሩን መቀነስስ? ግዛታቸው ከእጃቸው ባለቀበት ሰዓት ሰባት ቶን የሚጠጋውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ያስጎትቱ ነበር። ይህ ዘመን አይደለም፤ ልክ ያጣ ምኞት ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ እቴጌ ተዋበች በ1850፣ ወዳጃቸው ጆን ቤል በ1853 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የሚመክራቸው አጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

የቴአትር መምህሩ፦ ይህ መልስ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። ሚስት ስትሞት የሚጠፋ ሕሊና መጀመሪያም የውሰት ነው። የእኔ ጥርጣሬ ወደ ዘውዱ ቀን ይመለሳል። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ ፍትሕና ሰላም ይዞ እንደሚመጣ ትንቢት አለ፤ ካሳ ያንን ስም ለራሳቸው ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ የሚቃወማቸው ሰው ለእሳቸው ተራ ባላንጣ አልነበረም፣ የእግዚአብሔርን ሥራ የሚያደናቅፍ ነበር። ርኅራኄያቸውና ጭካኔያቸው ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስሉኛል።

ግን ሕሊናቸው አልሞተም። የመጨረሻውን ሳምንት ተመልከቱ፦ ሚያዝያ 2 ቀን እስረኞችን ከገደል አስወረወሩ። በማግሥቱ፣ በስቅለት ዕለት፣ ጦራቸው አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ተመታ። ከዚያ የአውሮፓ እስረኞችን ሊያስፈታ ለመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ለናፒየር ባጻፉት ደብዳቤ ሕዝቤ ግብር ክፈል፣ ሥርዓት ያዝ ስላልኩት ጠላኝ ብለው ያማርራሉ፤ ያሸነፋቸውም ሥርዓት የያዘ ጦር መሆኑን ያምናሉ። ኩራት፣ ምሬትና እውነት በአንድ ወረቀት! ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረው መኳንንቱ ከለከሏቸው፤ ቀጥለው የአውሮፓ እስረኞችን ለቀቁ፣ ለፋሲካም ለጠላታቸው ከብት ላኩ። የደነደነ ሰው እንዲህ አይዋዥቅም።

ጎንደሬዋ፦ መምህር፣ ከገደል የተጣሉት ያገራቸው ሰዎች ናቸው፤ የተፈቱት የውጭ ዜጎች። ሕሊና ካሉት ማንን እንደማረ አብረው ይንገሩን። ከብቱም ቢሆን ድርድር ነው፤ ናፒየርም አልተቀበለውም።

የቴአትር መምህሩ፦ ድርድር መሆኑን አልክድም። እስረኞቹን ግን መያዣ ሆነው በእጃቸው እያሉ ነው ያለ ቅድመ ሁኔታ የለቀቋቸው፤ ይህን በድርድር ብቻ አስረጂኝ።

ቋረኛው፦ እኔ ደግሞ ካህናቱን በዋዛ አላልፋቸውም። ያንን መሬት ቢለቁ ኖሮ በጌምድር ይዘረፍ ነበር?

ጎንደሬዋ፦ ዘራፊው ሳይጠየቅ ካህኑ ይጠየቅ አልክ እኮ!