በተለያዩ አህጉራት በሚኖሩ ባለሙያዎች ሶፍትዌር መሥራት ጥቅሙ የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦
የምሠራበት ድርጅት 12 ፕሮግራመሮች ያሉበትን ቡድናችንን በሌሎች ሁለት አህጉራት በሚኖሩ ባለሙያዎች ሊያስፋፋ አስቧል። የተሰጠን ምክንያት ሥራው 24 ሰዓት ሳይቋረጥ ይቀጥላል የሚል ነው፤ እኔ ግን አንዱ የጀመረውን ኮድ ሌላው ተቀብሎ በማግስቱ ይጨርሰዋል መባሉን ለመቀበል ተቸግሬአለሁ። በዚህ መንገድ የሠራችሁ ጥቅሙን በትክክል ምን ላይ እንዳገኛችሁት ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ያላለቀ ኮድ ግማሹ የሚገኘው በጻፈው ሰው አእምሮ ውስጥ ስለሆነ፣ ተረካቢው ብዙ ሰዓት የሚያጠፋው የጀማሪውን ሐሳብ በመገመት ነው። እኛ ዘንድ ጥቅሙ የታየው ሲስተሙን ነቅቶ በመጠበቅ ላይ ነው። ቀድሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብልሽት ሲደርስ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ባልደረባ፣ አእምሮው ሳይነቃ በሚወስደው እርምጃ ችግሩን የሚያባብስበት ጊዜ ነበር፤ አሁን 8 ሰዓት ያህል እየተራራቁ የሚገቡ 3 ተረኞች ስላሉን፣ ጥሪው ምንጊዜም የሚደርሰው ቀን ላይ ላለ ሰው ነው። ብልሽት ደግሞ፣ ከኮድ በተለየ፣ ለርክክብ ይመቻል፤ ምን እንደተሞከረና ምን እንደቀረ በአንድ ገጽ ተጽፎ ያልቃልና።

መልስ 2፦
እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የጽሑፍ ልማዱን ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነው ፕሮግራም) እስከ ዛሬ የሚሠራው በየአገሩ ባሉ፣ ብዙዎቹ በአካል ተያይተው በማያውቁ ሰዎች ሲሆን፣ ክርክሩ የሚካሄደው በኢሜይል ነው፤ አዲስ እትም ግን በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል። የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ጊት የተባለውን፣ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም የሠራውም ለዚሁ ሥራ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ታሪኩን በራሱ ኮምፒውተር ስለሚይዝ ማንንም ሳይጠብቅ ይሠራል፤ የለውጡም ምክንያት ከለውጡ ጋር ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ቡድን ይህን በቃል ተነጋግሮ ያልፈዋል፤ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ምክንያቱም አብሮት ይሄዳል።

መልስ 3፦
በሁለቱም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም ሥራው በሚከፋፈልበት መንገድ ይወሰናል። የኮምፒውተር ባለሙያው ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው የአንድ ሲስተም ቅርጽ የሠሪዎቹን የግንኙነት መዋቅር ይመስላል። ዲዛይኑን ለአንዱ ቦታ፣ ኮዱን ለሌላው፣ ፍተሻውን ለሦስተኛው ከሰጡ እያንዳንዷ ጥያቄ አንድ ቀን ታድራለች። ለእያንዳንዱ ቦታ ከዲዛይን እስከ ፍተሻ የራሱ የሆነ ሙሉ ክፍል ይስጡ።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የመልእክት መላኪያው ክፍል ከቀረው ሲስተም ጋር የሚገናኘው በአንድ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መገናኛ) ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ በሙሉ ለአዲሶቹ ባልደረቦች እንዲሰጥና የሌሊት ተረኝነታችንም እንዲቀር በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ።