በዱር ድብ አካባቢ ለዓመታት የኖራችሁ፣ ያያችሁትን ብታካፍሉን

ጠያቂ (ኮሎራዶ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። በአገራችን ዱር ድብ ስለሌለ፣ አብዛኞቻችን ድብን የምናውቀው ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ አንበሳና ድብ እንደ ገደለ ለሳኦል ከተናገረው ታሪክ ነው። እኔ ግን በቅርቡ ከአውሮራ ወደ ተራራው ግርጌ ቤት ቀይሬ፣ በመስከረም አንድ ሌሊት ቡናማ ድብ የቆሻሻ ገንዳችንን ገልብጦ ሲበላ በመስኮት አየሁ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ማለዳ ደጅ መውጣት ፈርታለች። ረጅም ዘመን ከድብ ጋር የተገናኛችሁ፣ ምን እንዳያችሁና ምን እንዳደረጋችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

መልስ (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ ቡናማ መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ በኮሎራዶ የመጨረሻው ግሪዝሊ (ትልቁ ቡናማ የድብ ዓይነት) የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1979 ስለሆነ፣ ያየሽው ቀለሙ ቡናማ የሆነ ጥቁር ድብ ነው። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በእግሬ እጓዛለሁ፤ ድብ ሳላይ ያለፈ ዓመት ትዝ አይለኝም። ብዙውን ጊዜ የማየው ሲሸሽ ጀርባውን ነው። በመከር ወራት ኦክ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ እየጎተተ ፍሬውን ሲለቅም ከሩቅ ቆሞ መመልከት እጅግ ደስ ያሰኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ በመንገዱ መታጠፊያ ላይ ግልገሎች ካሏት እናት ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ግልገሎቹ ወዲያው ዛፍ ላይ ወጡ፤ እርሷም ትንፋሿን በኃይል እያስወጣች፣ መንጋጋዋን እያንቀጫቀጨች መሬቱን በፊት እግሯ መታች። ይህ ሁሉ የፍርሃትና የማስጠንቀቂያ ምልክት መሆኑን አውቅ ስለነበር፣ በለሰለሰ ድምፅ በአማርኛ እያናገርኋት ፊቴን ሳላዞር ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሄድሁ፤ እርሷም አልተከተለችኝም። ድብ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጥ ሩጫ አያድንም።

መልስ (አንኮሬጅ)፦
የወንድማችን ምክር ለጥቁር ድብ ትክክል ነው፤ እርሱ ቢያጠቃ ግን ተኝቶ መጠበቅ ሳይሆን በሙሉ ኃይል መታገል ያስፈልጋል። እዚህ አላስካ በትከሻው ላይ ጉብታ ያለው ግሪዝሊም አለ፤ እርሱ ደንግጦ ወይም ግልገሉን ለመከላከል ሰውን ቢይዝ በሆድ ተኝቶ፣ እጅን በማጅራት ላይ አቆላልፎ ጸጥ ማለት ይመከራል። ሳልመን የተባለው ዓሣ በሚወጣበት ወንዝ ዳር ስሄድ ጮክ ብዬ እያወራሁ እጓዛለሁ፤ ከበርበሬ ቅመም የተሠራውን የድብ ስፕሬይም በቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በወገቤ እይዛለሁ።

መልስ (ሐረር ተወልጄ ያደግሁ)፦
በጀጎል ጅቦችን ማታ ማታ በእጃቸው ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ጅቡም በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ የከተማውን ጥራጊ እየበላ ከሰው ጋር ተላምዶ ይኖራል። ታዲያ ድቡንስ ምግብ እየሰጡ ማላመድ አይቻልም ወይ?

መልስ (ቨርጂኒያ)፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የሎውስቶን የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ይህን በተግባር አይቶታል። ጎብኚዎች ከመኪና መስኮት ድቦችን ያበሉ ነበር፤ ቆሻሻ መጣያው ላይ ሲበሉም ለማየት ይሰበሰቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1969 ባለው ጊዜ በዓመት በአማካይ 48 ሰዎች በድብ ይጎዱ ነበር። በመከር ወራት አንድ ድብ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ስለሚፈልግ፣ የሰው ምግብ አንዴ ከቀመሰ ሽታውን ተከትሎ በርና መኪና ይሰብራል፤ በመጨረሻም የሚገደለው እርሱ ነው። በዚህ አዝናለሁ፤ ጥፋቱ የድቡ አይደለምና።

ስለዚህ እህቴ፣ ገንዳውን ቆሻሻ በሚነሣበት ቀን ማለዳ ብቻ አውጪው፤ የሥጋ ትርፍራፊ እስከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፤ የወፍ መመገቢያም ካለ አንሺው። እናታችንም ከመውጣታቸው በፊት የበረንዳውን መብራት አብርተው በሩን በእጃቸው ቢመቱ፣ በአቅራቢያ ያለ ድብ ሰምቶ የመራቅ ዕድል ያገኛል።