የብርቱካኑ ባክቴሪያ ሙከራ፦ ረቂቁ ዓርብ ይዘጋል

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። 40 ዛፍ እንመርጣለን። 20ው ሥሩ ላይ ባሲለስ ሰብቲለስ የተባለው ባክቴሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጣል፣ 20ው ባዶ ውሃ። ግንዱ ሙጫ ማንባት የጀመረ ዛፍ አይገባም። ባክቴሪያው የበሰበሰ ልጣጭ አይመልስም። ሥራው ቀድሞ ሥሩ ላይ ሰፍሮ፣ ዛፉን የሚያበሰብሰውን ፋይቶፍቶራ የተባለ ተሕዋስ ቦታና ምግብ መከልከል ነው። የሚታከመው ቀይ፣ የማይታከመው ነጭ ቀለም ይቀባል። መዋጮ 600 ብር። አፈር ወደ ስሪንቃ ምርምር ማዕከል የሚያደርስ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።

የመርሳው፦ እኔ አደርሳለሁ። ስሪንቃ ጎረቤቴ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ 600? የፓምፑን 300 ያልከፈላችሁ ሰባት ሰዎች አላችሁ። ስም አልጠራም።

የሐይቁ፦ የጣልያንን ወይራ የፈጀው ባክቴሪያ አይደል እንዴ?

ጸሐፊ፦ እሱ ዛይሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፑሊያ ላይ ተገኘ፤ ዛፉ ውስጥ ውሃ የሚወጣበትን ቧንቧ ይደፍናል። ስፔኖች ደግሞ ከወይራው ከራሱ ሥር ሌላ ባክቴሪያ አውጥተው፣ ወይራ የሚያጠወልገውን የአፈር ሻጋታ እንዲከላከል ሞክረዋል። እርጎም እኮ ባክቴሪያ ነው። ዕቃውን በወይራ አጥነህ ስትጠጣ አልፈራህም።

የሐርቡው፦ ባቄላ ላይ የምንለውሰው ጥቁር ዱቄት ነው?

ጸሐፊ፦ አይደለም። ያ ሪዞቢየም ነው፣ ባቄላውን ናይትሮጅን ያበላዋል። ፀሐይ ላይ አለማዋሉ ግን ያው ነው።

የግራናው፦ ባክቴሪያውን አልጠላሁም። ቀይ ቀለም ግን ማሳዬ አይገባም። ከተማ ውስጥ ቀይ የተቀባ ቤት መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የሐይቁ፦ እውነቱን ነው። እናቴ ካየች ዛፉ ሊቆረጥ ነው ብላ እሪ ትላለች።

ጸሐፊ፦ ቀለም ነው እኮ!

የግራናው፦ ቀለም ብቻ ከሆነ የራስህን በር ቀባዋ።

የሐርቡው፦ አረንጓዴ ይሁን።

የሐይቁ፦ ቅጠል መሃል አረንጓዴ ማን ያየዋል?

የሐርቡው፦ ነጩም አያስኬድም። ግንዱን ኖራ የቀባን አለን። ማሳው ሙሉ ያልታከመ ሊመስል ነው።

ጸሐፊ፦ ቆይ፣ ከኖራው ጋር መዳብ የቀላቀላችሁ አላችሁ? መዳብ ባክቴሪያውን ሊጎዳው ይችላል። ይሄ ከቀለሙ ይበልጣል፣ መልሱልኝ።

የግራናው፦ ቢጫስ?

የሐይቁ፦ ቢጫ በሽታ ይመስላል።

ጸሐፊ፦ አንተ ሁሌ እንዲህ ነህ። የፓምፑንም ስብሰባ የበጠበጥከው አንተ ነህ።

የግራናው፦ ፓምፑን ካነሳህ ደረሰኙን አምጣ! ሁለት ዓመት ጠበቅን!

ሊቀመንበር፦ ጀመዓ! በአላህ፣ በማርያም! ሁለታችሁም ዛሬ እንዳትጽፉ። ደረሰኙ እኔ ጋ አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ እርስዎ ጋ? እኔ ጋ መሆን አልነበረበትም ጋሼ?

ሊቀመንበር፦ ነገ አመጣዋለሁ።

የሐይቋ እትዬ፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ ቀለም አላውቅም። የእኔ ዛፍ የሞተው መስኖው ግንዱን አቅፎ ሲያድር ነው። የተረፉትን አፈሩን ከአንገታቸው አንስቼ፣ ውሃው ዙሪያውን እንጂ ግንዱን እንዳይነካ አድርጌ ነው ያቆየኋቸው። ቦዩ እንደተሰበረ ሆኖ መድኃኒት ብታጠጡት ምን ሊፈይድ?

የሐርቡው፦ እትዬ ልክ ናቸው። መጀመሪያ ቦዩ።

ጸሐፊ፦ ልክ ናቸው፣ አልካድኩም። በሽታው በውሃ ነው የሚዋኘው። ግን ቦዩ ሌላ ፕሮጀክት ነው። ይሄ የባክቴሪያ ሙከራ ነው።

የሐይቁ፦ እሺ፣ ባዶ ውሃ የሚጠጡት 20 ዛፎች የማን ናቸው?

(እስከ ማግስቱ ማታ የመለሰ የለም።)

የግራናው፦ ሁሉም ይታከም።

ጸሐፊ፦ ታዲያ በምን ልናውቅ ነው? ባክቴሪያው ይሥራ ዝናቡ ይቅለል ማን ሊለየው?

የግራናው፦ የአንተ ባዶ ውሃ ይጠጣ።

ጸሐፊ፦ እኔ ያለኝ 11 ዛፍ ነው። አራቱ ሙጫ ጀምረዋል።

የግራናው፦ አላወቅኩም ነበር። አብሽር ወንድሜ። የትናንቱን ተወው፣ ሞቅ ብሎኝ ነው። ከእኔ ሦስት ውሰድ፣ ሳይታከሙ ይቆዩ። ቀለም ግን የለም።

ጸሐፊ፦ አላህ ይስጥህ። ጨርቅ እናስርባቸዋለን።

ሊቀመንበር፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አስተካከልኩት። ከ600ው 450ው ለቦዩ ሲሚንቶና አሸዋ። 150ው ለባክቴሪያው። ዛፉ ከ40 ወደ 6 ወርዷል፤ ሦስት የሚታከም፣ ሦስት ባዶ። ርዕሱም «የመስኖ ቦይ ጥገና እና ተያያዥ ሥራዎች» ይባል፣ ወረዳው እንዲህ ካልን ቶሎ ያየዋል።

ጸሐፊ፦ ተያያዥ ሥራዎች?

ሊቀመንበር፦ ውስጡ አለ፣ ገጽ ሦስት።

ጸሐፊ፦ ስድስት ዛፍ ምንም አያሳይም ጋሼ። ይሁን፣ ከዝናቡ በፊት ይጀመር ብቻ። የመርሳው፣ አፈሩን አደረስከው?

ጸሐፊ፦ የመርሳው?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩ አይነሳም። ከሰባቱም አንዱ እሱ ነው፣ ይኸው ጠራሁት። ደረሰኙስ ጋሼ?

የሐርቡው፦ ሲሚንቶ የት ይሻላል፣ ኮምቦልቻ ወይስ ወልዲያ?