የ85 ሂሉክስ ናፍጣ ዓባይ በረሃ ላይ ትፈላለች፤ ፋን ክለች ልግዛ ወይስ ኤሌክትሪክ ፋን ላስገባ?

ሂሉክስ 85፦
ሰላም ቤተሰብ። መኪናዋ የአባቴ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1985 ቶዮታ ሂሉክስ፣ ሲንግል ጋቢና፣ 2.4 ናፍጣ፣ 2ኤል ሞተር። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አታስቸግረኝም፤ ትራፊክ ሲይዘኝ ብቻ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ ትንሽ ያልፋል። ችግሩ ዓባይ በረሃ ነው። ባለፈው ወር ከደጀን ስምንት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመለስ ቁልቁለቱን በሰላም ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስይዝ ግን ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጌጁ ቀዩን ነካ። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት ውሃው በትርፉ ቱቦ ይንዠቀዠቃል።

መካኒኩ "ፋን ክለቹ (ፋኑን እንደ ሙቀቱ የሚይዘውና የሚለቀው) ሞቷል" ብሎ በሁለት ቡሎን ከፋኑ ጋር አስሮ ቆለፈው። አሁን መኪናዋ በጩኸት አውሮፕላን ሆናለች፣ ናፍጣ ትጠጣለች፣ ጭራሽ ከውሃ ፓምፑ ሥር ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ሦስት ምርጫ አለኝ፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ክለች ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ፣ አዲስ ግን ኦሪጅናል ያልሆነ፣ ወይም ኤሌክትሪክ ፋን። ራዲያተሩ ከሁለት ዓመት በፊት ተቀይሯል። ያኔ የፋኑ ዙሪያ የፕላስቲክ ኮቨር አልገባ ሲላቸው አውጥተው ጣሉት፤ እጅ እንዳይቆርጥ ከመከላከል ሌላ ጥቅም ያለው ስላልመሰለኝ ዝም አልኩ።

ቀልጣፋው፦
ኤሌክትሪክ አስገባና ተገላገል። የፈረሰ ቪትዝ ፋን እንደ ጉድ ነው ያለው። ከባትሪ በቀጥታ ስበህ ዳሽቦርድ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ታደርግለታለህ፣ አለቀ። ኮሮላዬ ላይ ሦስት ዓመት እንዲህ ነድቻለሁ።

ጋሽ ዳዶ፦
ኮሮላና ስምንት ኩንታል የጫነ ናፍጣ ምን አገናኛቸው?

ልጄ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸው አልፈሃል። "ኮቨሩን ጣሉት" ነው ያልከው። አየር እንደ ውሃ ነው፣ በቀለለው በኩል ይሄዳል። ኮቨር ከሌለ ፋኑ በራዲያተሩ ጥቅጥቅ ሽቦ በኩል ከመሳብ ይልቅ ከክንፉ ጫፍ ዙሪያ የሞተሩን ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል። ከራዲያተሩ የሚሠራልህ ፋኑ ፊት ለፊት ያለው ክብ ብቻ ነው፤ አራቱ ማዕዘን ለጌጥ ተቀምጧል።

ካላመንክ ሞተሩን አስነሳና ከፊት ለፊት፣ በፍርግርጉ በኩል፣ አንድ ቅጠል ሶፍት ራዲያተሩ ላይ ለጥፍ። መሀል ላይ ይጣበቃል። ወደ ማዕዘን ውሰደውና ምን እንደሚሆን ንገረኝ። እጅህን ግን ወደ ፋኑ በኩል እንዳታስገባ።

ሽቅብ ላይ ደግሞ ይህን አስብ። ሁለተኛ ማርሽ ይዘህ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናዋ እንደ ኤሊ ትሄዳለች። ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፣ ሙቀቱ ግን ከፍተኛው ነው። በቺንጋ የሚዞር ፋን ሞተሩ ሲጮህ አብሮ ይፈጥናል፤ የሚያስፈልግህም ያኔ ነው። የኤሌክትሪኩ ብልጫ ትራፊክ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲያንቀላፋም እሱ በሙሉ ጉልበቱ ይዞራል። አንተ ከትራፊኩ ይልቅ ያስጨነቀህ ገደሉ ስለሆነ ከኦሪጅናሉ አትውጣ።

የተቆለፈውን ፋን ዛሬውኑ ፍታ። ክለቹ እኮ የተሠራው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋኑን እንዲለቅ ነው። በቡሎን ሲታሰር ሚዛኑ ይዛባል፣ ሸክሙን የፓምፑ ኩሽኔታ ይቀበለዋል። ከፓምፑ ሆድ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ከወጣ ፓምፑ አልቋል፤ ማስቲሽ አያድነውም።

እመቤት ናፍጣ፦
ጋሽ ዳዶ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ማንም አላነሳውም። ወንድሜ፣ እኛ የምንኖርበትን ከፍታ አትርሳ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዓባይ ወለል ላይ 96 ወይም 97። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፍተው 82 ወይም 88 ላይ ነው። ግፊት የማይዝ ክዳን ካለህ በጤናማ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለህ ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ጽሑፍ ፈልግ። ያንን ግፊት በትክክል የሚይዝ ክዳን እዚሁ ከተማ ላይ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የሞተሩ ሙቀት ሳይለወጥ ውሃው መፍላቱን ይተዋል ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈትና የውስጥ ጎማውን እይ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጠዋት ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ። ውሃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ የሚንቦጫቦጭ ከሆነ የፋን ወሬ ይቆየን፤ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። 2ኤል ከሞቀ ቴስታታው እንደሚሰነጠቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ዴንቨር ያለው፦
እኔ እዚህ የ1972 ሸቭሮሌት ሲ10 አለኝ፣ ቪ8 ቤንዚን። ክረምት ከበጋ ተራራው ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር የመኪና መንገድ ዋሻ እወጣበታለሁ፤ ከፍታው 3,400 ሜትር ገደማ ነው። ሁሉንም ዓይነት ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ስስ ብረት ክንፍ ያለው፣ ሲፈጥን የሚዘረጋ ፋን ነበረው። አንድ ቀን ሳጥበው ከክንፉ ሥር የፀጉር ያህል ስንጥቅ አየሁና በዚያው አወለቅኩት። እንዲህ ያለ ክንፍ ከተነቀለ ኮፈን በስቶ ነው የሚወጣው። ማንም በርካሽ ቢያመጣላችሁ አትግዙ።

አሁን ሁለት ኤሌክትሪክ ፋን ነው ያለው፣ ወድጄዋለሁም። ግን ቀልጣፋው እንዳለው በማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አይሆንም። አንድ ባለ 16 ኢንች ፋን ሲሠራ 20 አምፔር ሊበልጥ ይችላል፣ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። የዳሽቦርድ ማብሪያ ይቀልጣል። ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራ ማገናኛ)፣ ለባትሪው የቀረበ ፊውዝ፣ ወፍራም ሽቦና በሙቀት የሚነሳ ስዊች ይፈልጋል። እኔ ዲናሞውንም በትልቅ ቀይሬዋለሁ፤ የድሮው ማታ መብራትና ፋን አንድ ላይ አይችልም ነበር።

ጋሽ ዳዶ፦
ዴንቨር፣ ስለ ዲናሞው ጥሩ አነሳህ። እዚህ ያላችሁ የ2ኤል ባለቤቶች ስሙኝ፦ የናንተ ዲናሞ ከጀርባው የቫኪዩም ፓምፕ ተሸክሟል። ፍሬኑን የሚያቀለው እሱ ነው። ትልቅ አምፔር ፍለጋ ከቤንዚን መኪና ዲናሞ አምጥታችሁ ብትገጥሙ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ይህ ቀልድ አይደለም።

ኩዌት ሾፌር፦
ያገለገለ ክለች ስትገዛ ዓይንህን እዚህ ላይ አድርግ። ፊት ለፊቱ ላይ ያለችው ጥቅልል ስፕሪንግ መኖሯንና አለመላላቷን እይ፤ ከራዲያተሩ የሚመጣውን ሙቀት የምትሰማው እሷ ናት። ከመሀሉ ወደ ውጪ አቧራ የያዘ የዘይት መስመር ካለበት ውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት ፈሷል፣ ተወው። በእጅህ ስታዞረው እንደ ማር ከበድ ማለት አለበት። እንደ እንዝርት ከሾረ ሞቷል፣ ጨርሶ እምቢ ካለም ተጣብቋል። እዚህ ሙቀቱ 45 ሲያልፍ ደካማ ክለች አንድ ሳምንት አይቆይም፣ ስለዚህ እኔ ያገለገለ አልገዛም። ሲሊኮኑ ለብቻው በትንሽ ቱቦ ይሸጣል፤ ኦሪጅናሉ ካልተሰበረ ከፍቶ መሙላት ይቻላል።

ቀልጣፋው፦
ተሸነፍኩ። ኮሮላዋም አንድ ክረምት ማብሪያዋ ቀልጦ ነበር፣ ሳልነግራችሁ ቀርቼ ነው።

ሂሉክስ 85 (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ይቅርታ ቆየሁ። ሶፍቱን ሞከርኩት፤ መሀል ላይ ጥብቅ ብሎ ቀረ፣ ማዕዘን ላይ ሳደርገው መሬት ወደቀ። አራቱም ማዕዘን አንድ ነው። ክዳኑም የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ፣ ጎማው እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። አረፋ የለም፣ ተመስገን።

ፓምፑን ቀየርኩ፣ 0.9 ክዳን ገዛሁ፣ ውሃውን በኩላንት ተካሁ። የድሮውን ክለች እንደ ኩዌት ምክር ሲሊኮን ሞላሁት። ኦሪጅናል ኮቨር ለአዲሱ ራዲያተር አልመጣ ስላለኝ ላሜራ ቤት አሠራሁ። ጠዋት ሲነሳ ፋኑ አንድ ደቂቃ ያህል ይጮህና ዝም ይላል።

ቅዳሜ ሰባት ኩንታል ጭኜ ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ሳልቆም ወጣሁ። ጌጁ ከግማሽ የጣት ውፍረት ያህል አለፈ፣ እዚያው ቆመ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ሲነሳና ሲጠፋ ፋኑ የላሜራውን ኮቨር በታች በኩል ጫር ያደርገዋል።

ጋሽ ዳዶ፦
ጎበዝ። በክንፉና በኮቨሩ መካከል ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ክፍተት ይኑር፣ ክንፉም ግማሹ ኮቨሩ ውስጥ ግማሹ ውጪ ይሁን። ክፍተቱ ትክክል ሆኖ አሁንም ከነካ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሟሙተው ሞተሩ ተኝቷል። እስክትቀይራቸው ድረስ ኮቨሩን ከሥር በጥቂቱ አስከርክመው፤ ደግመህ እንዳታወልቀው ብቻ።