«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ለምን ይባልብናል?

የማርቆሷ፦ ትናንት ለመምህራን በተሰጠ ስልጠና ላይ አሰልጣኙ «ዝምተኛ ሰው በራሱ አይተማመንም፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለና ከኋላ የተቀመጥነውን ሦስት ሴቶች አስነስቶ አስጨበጨበብን። እስካሁን አልበረደልኝም። ኢንትሮቨርትነትና ዓይን አፋርነት መቼ አንድ ሆኑ? ዓይን አፋር መናገር እየፈለገ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል። እኔ ግን ኢንትሮቨርት ነኝ፤ አልፈራም። ሰው ሲበዛ ይደክመኛል፣ ብቻዬን ስሆን ጉልበቴ ይመለሳል፤ በቃ።

የቡሬው ነጋዴ፦ እህትዓለም፣ ማዋረዱ ነውር ነው። ተረቱ ግን እውነት ነው። እኛ ገበያ ዝም ያለ ሰው ጤፉን እንደተሸከመ ይመለሳል።

ባለ ደበሎ፦ ደጃዝማችነቱን ተወውና ቅኔ ቤቱን እይ። ዋሸራም ዲማም የተማረ ያውቀዋል። ተማሪው ቀን ዛፍ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ይደርሳል ማለቴ ነው። ብታናግረው አይመልስልህም። ሁለት ስንኝ ብቻ ላላት ጉባኤ ቃና ለምትባል ቅኔ ስንት ሰዓት ይቀመጥላታል! ያ ልጅ በራሱ አይተማመንም?

የቡሬው ነጋዴ፦ ራስህ አመጣኸው! ማታስ መምህሩ ፊት ቀርቦ አይነግርም? ሳይነግር ቢቀር ማን ባለቅኔ ይለዋል? ካልተናገሩ ይቀራል ማለት ይኸው ነው።

ባለ ደበሎ፦ ይነግራል እንጂ! ዝምተኛ መናገር አይችልም ያለው ማን ነው? ቀን ዝም ስላለ ነው ማታ የሚናገረው ያገኘው። ለፍላፊ ግን ሆዱ ባዶ ነው።

የሞጣዋ፦ ቆይ፣ «ሆዱ ባዶ»? ይህን ቃል አንሳልኝ። እኔ ተጫዋች ነኝ። ልቅሶ ቤት ሰው አቅፌ፣ ቡና አፍልቼ፣ ሳጽናና አመሻለሁ። ቤቴ ገብቼ ስንሰቀሰቅ ያየኝ የለም። ደግሞ ወንድሜ ሰርግ ሲያደምቅ «ጨዋታ አዋቂ» ይባላል፤ እኔ ሳደምቅ «ዓይን አውጣ»። የጎረቤታችን ልጅ ዝም ስትል «ጨዋ» ናት፤ ወንድሟ ዝም ሲል «ውስጡ አይታወቅም»።

ባለ ደበሎ፦ ሁሉንም ተጫዋች ማለቴ አይደለም።

የሞጣዋ፦ «ለፍላፊ» ስትል ታዲያ ማንን ነው? አሰልጣኙ ዝምተኛውን እንዳለው አንተም ተናጋሪውን አልክ።

የቢቸናው፦ «ኢንትሮቨርት» (ዝምተኛው) እና «ኤክስትሮቨርት» (ተጫዋቹ) የሚሉትን ቃላት ያስፋፋው የስዊዙ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲጽፍ የሰው ሐሳብ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ ያደላል ብሎ እንጂ አንዱን ጤነኛ ሌላውን ጎዶሎ አላደረገም። አብዛኛው ሰው ደግሞ መሐል ላይ ነው።

የቡሬው ነጋዴ፦ መሐል የሚባል ገበያ ላይ አላየሁም። እኔ ተረቴን አልለቅም።

የማርቆሷ፦ አትልቀቅ። ሰው አስነስተህ አታስጨብጭብበት ብቻ። ነገ ስልጠናው ይቀጥላል፤ እዚያው ከኋላ ነው የምቀመጠው።

ባለ ደበሎ፦ የሞጣዋ፣ «ሆዱ ባዶ» ያልኩትን አንስቻለሁ። «ለፍላፊ» ግን ይቆይ።

የሞጣዋ፦ አይቆይም!